የኤልዝዊክ ጓደኛ

እኛ የተማርንበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሽፋኑ ጠንካራ፣ ወረቀቱ ወፍራም ነበር። መካከሉ ላይ አንድ ሥዕል ነበረ። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ መድረክ ላይ ቆሞ ያነባል፤ አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሌላ ሰው ቆሞ ያየዋል። አንባቢው ታላቁ እንግሊዛዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቶማስ ኤልዝዊክ ነው። ባርኔጣ የያዘው ጓደኛው ዊልኮት ነው። ደሴ ላይ ያንን ምዕራፍ ያስተማሩን ጋሽ ገላው ነበሩ፤ የምጽፈውም ስለ እሳቸው ነው።

ኤልዝዊክ የሻማ ሠሪ ልጅ ነበር። ጭጋግ በማይለቃት የወደብ ከተማ ተወልዶ፣ ከአባቱ ሱቅ በተረፈ የሻማ ቁራጭ ብርሃን ራሱን በራሱ አስተምሮ አደገ። ልብ ወለዶቹን በየሳምንቱ በጋዜጣ እየቆራረጠ ሲያወጣ አገሩ በሙሉ ቀጣዩን ይጠብቅ ነበር። ዝናው ሲገን ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሕዝብ ያነብ ጀመር። ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የሚጠይቀው «የዶቨርሊ ወራሾች» ከተባለው ድርሰቱ ትንሿ ሚሊ የምትሞትበትን ምዕራፍ ነበር። አንድ ምሽት ያንኑ እያነበበ ሳለ ከቤቱ መልእክተኛ መጣ። የገዛ ልጁ፣ የመጨረሻዋ፣ ሞታለች። መልእክቱን የተቀበለው ዊልኮት ነው። ዊልኮት አላስቆመውም። ኤልዝዊክ ሚሊን ገደላት፤ አዳራሹ አለቀሰ፤ እሱም እጅ ነሥቶ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ጭብጨባው ግን አልቆመም። ዊልኮት «ሂድ፣ አንዴ ደግመህ እጅ ንሣቸው» ብሎ መልሶ ላከው። ሲመለስ ነገረው።

የምዕራፉ የመጨረሻ ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ «ዊልኮት ልክ ነበር? ተወያዩ።»

መልሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ጋሽ ገላው ዘንድ ግን ነበር። «ልክ ነበር!» ይሉናል ጠረጴዛውን በዳስተር እየመቱ። «ሰው መርዶ እስኪነገረው ድረስ ልጁ አልሞተችም። ዊልኮት ለዚያ አባት አንድ ጭብጨባ ሙሉ ልጅ ጨመረለት። ይህ የማይገባው ደነዝ ካለ እጁን ያውጣ።» እጁን የሚያወጣ አልነበረም።

አሜሪካ ከገቡ በኋላ ጋሽ ገላው ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከመኪኖቹ መውጫ ላይ ባለችው የመስታወት ሳጥን ተቀምጠው ኤልዝዊክን አነበቡት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ያለውን ድርሰቱን ሁሉ፣ ከዚያም ጥራዝ በጥራዝ የሕይወት ታሪኩን። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ትርሲት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ናት። ወንዱ ልጃቸው ናቲ ዴንቨር ሆኖ ትራክ ይነዳ ነበር።

«መምህር ሆኜ ሹፌር ወለድኩ» ይላሉ ሰው ፊት፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሲራጅ፣ የድሮ ተማሪያቸው፣ ታክሲ ነጂ መሆኑን እያወቁ። ሲራጅ ይስቃል። ነገር ግን ናቲ ጠዋት ጠዋት ትራኩን ሲያስነሳ አባቱ ጋ ይደውላል፤ ጋሽ ገላውም ስልኩን ሻይ ብርጭቆው ላይ አስደግፈው ኤልዝዊክን ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡለታል። ያ ልጅ አንድ ገጽ በዓይኑ ሳያይ ሁሉንም ሰምቶ ጨርሶታል። ይህን ደግሞ ለሰው አያወሩም ነበር፤ የነገረን ትርሲት ናት።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር እናንተም ታውቃላችሁ። የእኛ ዕድር ሊቀ መንበር አቶ መንገሻ ይህን ወግ እዚህም ሳያጎድሉ ያዙት። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። ዋናው ተናጋሪ ጋሽ ገላው ናቸው። እንደሳቸው የሚችልበት አልነበረም። ገብተው ውኃ ይለምናሉ፤ ሰውየው ውኃ ሲቀዳ አጠገባቸው የሚቀመጥበትን ቦታ ያዘጋጃሉ፤ ትከሻውን ይዘው በሁለት አረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ከዚያ ሦስቱን ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ኤልዝዊክን ያወሩለታል። «ዊልኮት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?» ሲሉ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሐዘንተኛው ራሱ ሳይቀር ክርክር ይገባል። አቶ መንገሻ ምንጊዜም «ልክ ነበር» ከሚሉት ወገን ናቸው።

ታዲያ ጋሽ ገላው አፋቸው ምሕረት የለውም። ከመርዶ ስንመለስ መኪና ውስጥ ለሐዘንተኛው ማርክ ይሰጡ ነበር። «የዛሬዋ ስድሳ አምስት። ጩኸቷ ጥሩ ነው፤ እንባ ግን የላትም።» «የትናንቱ ሠላሳ፤ ገና ሳልጨርስ ስለ ቲኬት ዋጋ ጠየቀኝ።» እንስቃለን። አንድ ቀን ሲራጅ «የእርስዎ ቀን ሲመጣስ ቲቸር፣ ማን ይነግርዎታል?» ቢላቸው፣ «ከእናንተ መሐል? ማንም። እኔው ለራሴ እነግራለሁ» አሉ።

ባለፈው ግንቦት የሲራጅ ልጅ ሰጂዳ ከኮሌጅ ተመረቀችና ኮሎምቢያ ሃይትስ አንድ ምግብ ቤት ተደገሰ። እሑድ ከሰዓት ነው። ጋሽ ገላው መረቁ፤ በሉ፤ ከዚያ ኮታቸውን ወንበር ላይ ጥለው እስክስታ ወረዱ። አቶ መንገሻ ስልካቸው ሲጮህ ወደ ውጭ ወጡ። የደወለችው ትርሲት ናት። ነብራስካ ውስጥ የናቲ ትራክ ከመንገድ ወጥቶ ተገልብጧል፤ ናቲ የዚያን ዕለት ንጋት ላይ ሞቷል።

ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ሲራጅ ተከትሎ ጠየቃቸው፤ በጆሮው ነገሩት።

«እናስቁማቸው እንዴ?» አለ ሲራጅ።

«ይጨርስ» አሉ አቶ መንገሻ። «ጠዋት በወጉ ይነገረዋል።»

ጋሽ ገላው ከመሐል ሆነው «መንገሻ! ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ አጨብጭብ እንጂ!» ብለው ጮሁ። አቶ መንገሻ አጨበጨቡ። የሰጂዳ ጓደኞች በስልካቸው ይቀርጹ ነበር።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ሦስት ሆነን ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማቸው በር ላይ ቆምን፤ አቶ መንገሻ፣ ሲራጅና እኔ። አቶ መንገሻ ከገላው የተማሩትን በልባቸው ሲያጠኑ አድረዋል፤ ውኃ መለመን፣ ማስቀመጥ፣ ትከሻ መያዝ። አንኳኩ። ጋሽ ገላው በካልሲ ሆነው ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን፤ ፊታቸው በራ።

«ማን ሞተ? ቆይ፣ ቆይ፣ መንገድ ላይ ትነግሩኛላችሁ። ጫማዬን ላድርግ።»

ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሲራጅ «አሁን ይንገሯቸው እንጂ፣ ጋሽ መንገሻ» አለ በሹክሹክታ። አቶ መንገሻ ከበሩ ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁ። ጋሽ ገላው የመርዶ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥብቀው፣ እያፏጩ ወጡ። ቀድመውን ደረጃውን ወረዱ። እኛም እንደ በግ ተከተልናቸው።

የከተማው ቀለበት መንገድ ቤልትዌይ ላይ ስንወጣ «ወዴት ነው?» አሉ።

«ወደ ቨርጂኒያ፣ ቲቸር።»

«ምነው ሰው አጠገባችን አይሞትም? ተነጋሪው ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ» አሉ አቶ መንገሻ።

«ወፍራም ነው?»

«መካከለኛ ናቸው» አለ ሲራጅ።

«ናቸው? ሽማግሌ ነው እንግዲህ። ሽማግሌ ደግ ነው፤ ቶሎ ይገባዋል። ወፍራም ሲሆን ነው ጣጣው፤ የወደቀ እንደሆን በዚህ ወገቤ ማን ያነሣዋል? ማን ሞተበት?»

አቶ መንገሻ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ልጅ» አሉ።

ጋሽ ገላው አፏጩ። «ልጅ! ይህንንስ አንተ አትችለውም መንገሻ። አንተ መርዶ ስትናገር የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምታነብ ነው የምትመስለው። እኔ እናገራለሁ፤ እናንተ ከኋላዬ ቁሙ። ሲራጅ በሩን ይይዛል፤ እንዳይሮጥብን።»

«እሺ ቲቸር» አለ ሲራጅ፤ ድምፁ ተሰበረ።

«አንተ ደሞ ገና ሳይነገር ታለቅሳለህ? ዜሮ ነው የምሰጥህ።» ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ይኼ ውሻ ትናንትም ኮል አላደረገኝም፣ ዛሬም ዝም ብሏል። እስቲ እኔው ልደውልለት። የሰው ልጅ ሞቶ ሲሰማ የራሱን ልጅ ድምፅ መስማት ያምረዋል ሰው።»

ጣታቸው የናቲ ስም ላይ ሲደርስ አቶ መንገሻ ከፊት ወንበር ዞረው ክንዳቸውን ያዙ።

«አሁን እየነዳ ይሆናል ገላው። አትደውል።»

«ሁልጊዜስ የሚያወራኝ እየነዳ አይደል?»

«ይልቅ... ይልቅ የኤልዝዊክን ንገረን።»

«አሁን? መርዶ ይዘን?»

«መንገዱ ረጅም ነው።»

ጋሽ ገላው ያንን ከተጠየቁ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ስልኩን ኪሳቸው መለሱና ጀመሩ። ደሴ ላይ እንደነገሩን አድርገው፣ ከሻማ ሠሪው ሱቅ ተነሥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ። ሚሊ ስትሞት እኛ ፖቶማክን በሚሻገረው ረጅም ድልድይ ላይ ነበርን። ፀሐይ ውኃው ላይ ወጥታለች። መልእክተኛው መጣ፤ ዊልኮት ባርኔጣውን ያዘ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ «ሂድ፣ አንዴ ደግመህ እጅ ንሣቸው።»

«እህ? ዊልኮት ልክ ነበር?»

አቶ መንገሻ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

«መንገሻ! ስንት ዘመን “ልክ ነበር” ስትል ኖረህ ዛሬ ምላስህን ማን በላው?»

«እንጃ ገላው። ምናልባት ልክ አልነበረም።»

«ደንዝዘሃል። የዛሬውን ሰውዬ አስበው። አሁን ምን እያደረገ ይመስልሃል? ወይ ተኝቷል፣ ወይ ቁርሱን እየበላ ነው። እንዲያውም እየሳቀ ይሆናል። እኛ እስክንደርስ ልጁ አለው፤ ለማን አለበት?» የሲራጅን ትከሻ ነካ አደረጉት። «ቀስ ብለህ ንዳ አንተ። ምን ያስቸኩለናል?»

ሲራጅ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ክላክስ እያንባረቁ ዞረውን አለፉ።

ዱክ ስትሪት ላይ ስንወጣ ጋሽ ገላው በመስኮቱ እያዩ «ይኼ የትርሲት ሰፈር አይደል እንዴ?» አሉ። አቶ መንገሻ «መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የምንሰበሰበው» አሉ፤ ውሸትም አልነበረም። «እሰይ፤ እንግዲያው ቁርስ አለ ማለት ነው» ብለው ከመኪናው ወረዱ። በራፉ ላይ የቆሙትን የብዙ ዘመድ መኪኖች አዩ፤ «ለዚህ ሁሉ ሰው ቁርስ ከየት ታመጣለች፣ ምስኪን» አሉ። ደረጃውን ከፊት ከፊታችን ወጡ። በሩ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ውስጥ ያሉት ሴቶች እንዳይጮኹ፣ እስኪቀመጡ እንዲታገሡ ተነግሯቸዋል። ሁሉም በወጉ ተዘጋጅቷል። ወጉን ያልነገሯት አንድ ሰው ነበረች፤ የትርሲት ልጅ አቢጊያ፣ የሃይስኩል ተማሪ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። አያቷን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አቀፈችና ልክ በትምህርት ቤት እንዳስተማሯት፣ በጨዋ ደንብ፣ «ግራንፓ፣ አይም ሶ ሶሪ አባውት አንክል ናቲ» አለች።

ጋሽ ገላው እጃቸው የልጅቷ ጀርባ ላይ እንዳለ ቆሙ። ከውስጥ አንዲት ሴት አምልጧት ጮኸች፤ ቤቱም ተከተላት። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞረው ያዩት አቶ መንገሻን ነው።

«መቼ?»

«ትናንት። ንጋት ላይ።»

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«ከሰዓት... ምርቃቱ ላይ።»

«ስጨፍር?»

አቶ መንገሻ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ከማጨብጨብህ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

ጋሽ ገላው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። ትርሲት ቤት በጫማ አይገባም። ጣታቸው ቋጠሮውን አጣው። ሲራጅ ሊያግዛቸው ሲንበረከክ በጉልበታቸው ገፈተሩት፤ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። በኋላ አቢጊያ ናት የፈታችላቸው።

ሦስቱን ቀን አልተናገሩም፤ አላለቀሱምም። ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ኦላና የሚባል፣ አዲስ የዕድር አባል፣ ከውድብሪጅ መጣ። ጋሽ ገላው ሐዘንተኛን በኤልዝዊክ ታሪክ እንደሚያጽናኑ ሰምቷል፤ የሆነውን ግን የነገረው የለም። ደግ ሰው ነው። ቤቱ ዝም ማለቱ ከበደውና፣ «እስቲ ዛሬ ደግሞ እኔ ለእሳቸው የራሳቸውን ጨዋታ ልመልስላቸው» ብሎ ጀመረ። ሲራጅ በዓይኑ ቢጠቅሰው፣ በክርኑ ቢጎስመው አልገባውም። እየተንተባተበ፣ ሚሊን ወንድ ልጅ አድርጎ፣ እስከ ጭብጨባው ደረሰ። «ታዲያ ጓደኛው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብሎ ፈገግ ብሎ ቤቱን ዞሮ አየ።

«ሚሊ ሴት ናት» አሉ ጋሽ ገላው።

ድምፃቸው የዛገ በር ይመስል ነበር። «ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። መጽሐፋችን ላይ የለም፤ የሕይወት ታሪኩ የመጨረሻው ጥራዝ ላይ ነው ያለው። ለሐዘንተኛ አይሆንም ብዬ ትቼው ነው። ኤልዝዊክ ዊልኮትን አልተጣላውም። ያንንም ምዕራፍ ማንበብ አልተወም፤ እስኪሞት አነበበው። በሄደበት ከተማ ሁሉ ዊልኮትን ይዞት ይሄዳል፤ እዚያው መጋረጃ ጀርባ፣ ባርኔጣውን አስይዞ ያቆመዋል። ሚሊ ስትሞት ዞር ብሎ ያየዋል። ዊልኮት አረጀሁ ቢለው፣ እግሬ አበጠ ቢለው፣ ልቅር ብሎ ቢለምነው አልለቀቀውም። ሕዝቡ ወዳጅነታቸውን ያደንቅ ነበር።»

ኦላና «አይ ፍቅር!» አለ።

ጋሽ ገላው አልሰሙትም። ከማዶ ወደተቀመጡት አቶ መንገሻ ዞሩ። «ስንት ሰጠኸኝ?»

«ምኑን?»

«በሩ ላይ። ጩኸት የለ፣ እንባ የለ። ስንት?»

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ ገላው...»

«ማርኬን ንገረኝ።»

አቶ መንገሻ እያለቀሱ «መቶ» አሉ።

«ድሮም ማረም አትችልም። አርባ ነው። ወድቄአለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አቶ መንገሻ ሊቀ መንበርነቱን ሊለቁ ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ስብሰባው ላይ ተነሥተው የተቃወሙት ጋሽ ገላው ናቸው፤ «እሱ ከሌለ እኔ መርዶ አልሄድም» ብለው። ዕድሩም ሁለቱን ከማጣት አንዱን ማስገደድ መረጠ። አሁንም ጎሕ ሲቀድ በራቸውን የሚያንኳኩት አቶ መንገሻ ናቸው። ጋሽ ገላው በካልሲ ሆነው ይከፍታሉ። የሞተው ማን እንደሆነ እስኪነገራቸው ከበሩ አይንቀሳቀሱም።

በለቅሶ ቤት አዲሱን መጨረሻ ይጨምሩበታል። አቶ መንገሻ የሚቀመጡበትን ወንበር የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ ሁልጊዜ መስኮቱ ዘንድ፣ መጋረጃው ሥር። ሚሊ ስትሞት ዞር ብለው ያዩዋቸዋል። የማያውቃቸው ሰው «እንዲህ ያለ ጓደኝነት ቀርቷል ዛሬ» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ታኮማ ፓርክ አንዲት ሴት እናቷ ሞተውባት ልንነግራት ተነሣን። አቶ መንገሻን የስኳር በሽታ እግራቸውን ይዟቸዋል፤ ደረጃውን በከዘራ፣ እየተነፈሱ ወጡና የጋሽ ገላውን በር አንኳኩ።

«ማን ሞተ?»

«የሐኪማ እናት። ደሴ።»

«ትርሲትስ?»

«ደኅና ናት።»

«አቢጊያ?»

«ደኅና ናት ገላው። ሁሉም ደኅና ናቸው።»

«ማልልኝ።»

አቶ መንገሻ ማሉ። ግድግዳውን ተደግፈው በሩ አጠገብ ወዳለችው ወንበር ዓይናቸውን ላኩ። ሲራጅ ወንበሯን ሊስብላቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አሉ ጋሽ ገላው። «አንተ መንገሻ፣ እዚያው ቁም። ጫማዬን ላድርግ።»